ዛሬ ነብር፣ ነገ ድመት? ስለ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን የምንሰጠው ፍርድ

በዚህ ቡሌቲን ገጾች ላይ ስለ ልምምድ ስልት፣ ስለ ጡንቻ አሠራርና ስለ አትሌቲክሳችን ታሪክ ብዙ ቁም ነገር አንብበናል። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ሁላችንም በየሳምንቱ የምናወራውን፣ ማናችንም ግን ቁጭ ብለን ያልጻፍነውን ጉዳይ ነው። እሱም የኮሌጃችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ውጤት መዋዠቅ ነው።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ቅዳሜ ቡድኑ ሜዳ ገብቶ ተጋጣሚውን መተንፈሻ ያሳጣዋል። ቅብብሉ ያምራል፣ መከላከሉ እንደ ግንብ ነው፣ ደጋፊው ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጨፍራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እነዚያው ልጆች፣ በዚያው ሜዳ፣ ያንኑ ማሊያ ለብሰው ኳሷን አንጥሮ መሃል ሜዳ ማሻገር ያቅታቸዋል። ከጨዋታው በኋላ ሻይ ቤት ስንሰበሰብ ታዲያ ፍርዱ ይጀመራል። አንዱ «ሞራል የላቸውም» ይላል። ሌላው «አሰልጣኙ ነው የገደላቸው» ይላል። ሦስተኛው «ኧረ ተዋቸው፣ ሴት እኮ ናቸው፤ ስሜታቸው አንድ ቀን እንዲህ አንድ ቀን እንዲያ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። አራተኛው ደግሞ «ባለፈው የሰደብናቸው ጊዜ አይደል እንዴ ያሸነፉት? ዝም ስንላቸው ነው የሚተኙት» ይላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ወሬው ወሬ ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። ሰሞኑን «ውጤት የማያመጣ ቡድን ሜዳ ምን ያደርግለታል? የማታው ሰዓት ለወንዶቹ ይሰጥ» የሚል ሐሳብ በተማሪዎች መካከል ሲነሳ ሰምቻለሁ። እንግዲህ የሻይ ቤት ፍርድ ወደ ሜዳ ድልድል ሊሻገር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ፍርዱ በምን ላይ እንደቆመ መመርመር ከእኛ፣ በተለይ ስፖርትን እንደ ሳይንስ እንማራለን ከምንል ልጆች ይጠበቃል። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የቡድናችን መዋዠቅ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከፊሉ ማንም የማያመልጠው የዕድል ጨዋታ ነው፣ ከፊሉ ከልጆቹ ሳይሆን ከእኛ የመጣ ነው፣ የተረፈው ብቻ የልጆቹና የአሰልጣኙ ድርሻ ነው። ሦስቱን ሳንለይ መፍረድ ግምት እንጂ ፍርድ አይባልም።

ያልዋዠቀ ማን አለ?

ከትልቁ እንነሳ። ደራርቱ ቱሉ በነሐሴ 1984 ዓ.ም ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከአራት ዓመት በኋላ አትላንታ ላይ በዚያው ርቀት አራተኛ ወጣች። በመስከረም 1993 ዓ.ም ሲድኒ ላይ ወርቁን መልሳ ወሰደች። በጥቅምት 2002 ዓ.ም ደግሞ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ከአትላንታ በኋላ «አበቃላት» ብሎ የፈረደ ሰው ቢኖር ሲድኒ ላይ ምን ይመልስ ነበር? ደራርቱን የሚያህል ሰው እንኳ አንድ ጊዜ አንደኛ፣ አንድ ጊዜ አራተኛ ይወጣል። ያውም ሩጫ በአንድ ሰው እግር የሚሠራ ሥራ ነው። ቅርጫት ኳስ ግን አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ቀናው ካላለ የማይሰምር ጨዋታ ነው።

የሴቶች እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችንን፣ ሉሲዎቹን፣ እንመልከት። በመስከረም 1997 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና ለግማሽ ፍጻሜ ደርሰው በአራተኛነት ጨረሱ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ መድረክ የተመለሱት በ2005 ዓ.ም ኢኳቶሪያል ጊኒ ላይ ነው፤ ያኔም ከምድባቸው አላለፉም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም ለፓሪስ ኦሎምፒክ ማጣሪያ ናይጄሪያን አዲስ አበባ ላይ ገጥመው 1 ለ 1 ወጡ። አገሩ ሁሉ ተደሰተ። ሳምንት ሳይሞላ አቡጃ ላይ በተደረገው የመልስ ጨዋታ 4 ለ 0 ተሸነፉ። እነዚያው ልጆች ናቸው። በስድስት ቀን ውስጥ ሞራላቸው የት ጠፋ? እኔ ጠፋ ብዬ አላምንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አቡጃ ከ500 ሜትር በታች ናት፣ ሙቀቷም ሌላ ነው። ተጋጣሚያቸው ደግሞ የአፍሪካን ዋንጫ ከማንም በላይ ደጋግማ የወሰደች አገር ናት። ሜዳው፣ አየሩ፣ ጉዞውና ተመልካቹ ሲቀየር ውጤቱ መቀየሩ ምን ያስገርማል?

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንም ጥሩ ምሳሌ ነው። በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ የሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ በ2013 ዓ.ም ማብቂያ ለፍጻሜ ደርሶ በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፈ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም እንደገና ለፍጻሜ ደርሶ በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተሸነፈ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን አነሳ። ከወራት በኋላ ሞሮኮ ላይ በአህጉሩ መድረክ ከምድቡ ሳያልፍ ተመለሰ። ይህን ቡድን ጠንካራ እንበለው ወይስ ደካማ? በአንድ ቀን ውጤት ብንፈርድ ሁለቱንም ስም እያፈራረቅን እንሰጠዋለን። የብዙ ዓመቱን መንገድ ካየን ግን ደጋግሞ ፍጻሜ የሚደርስ፣ ሲወድቅም መልሶ የሚሞክር ቡድን ነው።

ወደ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እንምጣ። በአሜሪካ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን 111 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 ሚሲሲፒ ስቴት የተባለውን ቡድን 98 ለ 38 ረታው፤ የ60 ነጥብ ልዩነት ማለት ነው። ልክ ከዓመት በኋላ በመጋቢት 2017 ያው ሚሲሲፒ ስቴት በተጨማሪ ሰዓት፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት በገባች ኳስ 66 ለ 64 አሸንፎ ያን ሁሉ ድል አቆመው። ጂምናዚየሙ፣ ምግቡ፣ ሐኪሙ፣ አሠልጣኙ ሁሉ የተሟላለት ቡድን እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ከስንጥቅጥቅ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ምን ዓይነት ቀጥ ያለ መስመር ነው የምንጠብቀው?

ሒሳቡ ምን ይላል?

የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ ስንማር «ይሄ ለስፖርት ምን ይሠራል?» ያልን ብዙዎች ነን። እስቲ እንሞክረው። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ 50 ጊዜ ወደ ቅርጫት ይሞክር እንበል። ከ100 ሙከራ 40 የሚያገባ ቡድን ነው። በአማካይ 20 ያገባል፤ በሁለት ነጥብ ሲሰላ 40 ነጥብ ነው። አሁን ልጆቹ አልደከሙም፣ አልታመሙም፣ ሞራላቸው አልተነካም፤ ችሎታቸው ሁልጊዜ ያው ነው ብለን እናስብ። ከአስር ጨዋታ በሰባቱ ገደማ ከ17 እስከ 23 ያገባሉ፤ ማለትም ከ34 እስከ 46 ነጥብ። ከአስር ጨዋታ በአንዱ ገደማ 15 ወይም ከዚያ በታች ያገባሉ፤ በሌላው አንዱ ደግሞ 25 ወይም ከዚያ በላይ።

ልብ በሉ፤ በጥሩው ቀንና በመጥፎው ቀን መካከል የ20 ነጥብ ልዩነት መጣ፤ ማንም ግን ምንም አልተለወጠም። ኳሷ የብረቱን ጠርዝ ነክታ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መውደቋ ብቻ ነው። ይህ የእኛ ቡድን ብቻ ነው። የተጋጣሚው ቡድንም በራሱ በኩል እንደዚሁ ይዋዥቃል። የእኛ መጥፎ ቀን ከእነሱ ጥሩ ቀን ጋር ሲገጥም እኛ «ቡድኑ ሞቷል» እንላለን፤ ሲገለበጥ ደግሞ «ዘንድሮ ማን ይችለናል!» እንላለን።

የቅጣት ውርወራም እንዲሁ ነው። ከአስር ስድስት የምታገባ ልጅ በሃያ ቀን አንድ ጊዜ ገደማ ከአስሩ ሦስት ወይም ከዚያ በታች ብቻ ታገባለች። ያቺ ቀን የፍጻሜ ጨዋታ ቀን ከሆነች ስሟ ለዓመት ይነሳል። ይህ ግን ከልጅቷ ልብ የመጣ ድክመት ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ቡድኑን መመዘን አይቻልም ማለት ነው? ይቻላል፤ በአንድ ቀን ግን አይቻልም። ከላይ ባነሳሁት ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚታየው የማግባት መጠን ከ40 በመቶ ወደላይም ወደታችም ሰባት በመቶ ያህል ይወዛወዛል። አስር ጨዋታ ስንደምር ግን ውዝዋዜው ወደ ሁለት በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከአስር ጨዋታ በኋላ የሚነገር ነገር ይኖረናል። ከዚያ በፊት የምንናገረው አብዛኛው ስለ ራሳችን ስሜት ነው።

ስድብ ያሸንፋል ወይ?

አሁን ወደ አራተኛው ፈራጅ ልመለስ። «ሰድበናቸው አሸነፉ» የሚለው ወዳጃችን ውሸት አላወራም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ሥነ ልቦናዊው ዳንኤል ካህነማን፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ በወጣትነቱ የእስራኤል የበረራ አሠልጣኞችን ሲያስተምር ይህንኑ ክርክር ገጥሞት ነበር። አሠልጣኞቹ «ጥሩ የበረረውን ስናመሰግነው በሚቀጥለው ይበላሽበታል፤ መጥፎ የበረረውን ስንጮህበት ግን ይሻሻላል፤ ስለዚህ ጩኸት ይሠራል፣ ምስጋና አይሠራም» ይሉ ነበር። ካህነማን የመለሰላቸው ነገር ቀላል ነው። እጅግ ጥሩ ቀን ካለፈ በኋላ ቀጣዩ ቀን ወደ መደበኛው መውረዱ አይቀርም፣ እጅግ መጥፎ ቀን ካለፈም በኋላ ቀጣዩ ወደ መደበኛው መውጣቱ አይቀርም፤ ብታመሰግኑም ብትሳደቡም።

እኛ የምንሳደበው መቼ ነው? በጣም መጥፎ ሲጫወቱ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ይመጣል? የተሻለ ጨዋታ ነው፤ ወትሮም ይመጣ ነበር። የምናጨበጭበው መቼ ነው? በጣም ጥሩ ሲጫወቱ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ይመጣል? ዝቅ ያለ ጨዋታ ነው። እንዲህ ተሳድበን ስናበቃ ስድባችን መድኃኒት ይመስለናል። ስድቡ የሚያስከትለውን ግን አንቆጥርም። ከሜዳ ዳር ስለ ቁመናዋ፣ ስለ ቁምጣዋ፣ ስለ አካሄዷ የተጮኸባት ልጅ በሚቀጥለው ሴሚስተር ልምምድ ስታቆም «ትምህርት በዛባት» እንላለን።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ

እስከ አሁን ያልኩት ስለ ዕድል ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ግን በእጃችን ስላለው ነገር ነው።

እኔ የወገዳ ልጅ ነኝ። ስማዳ ወረዳ፣ ከወረታ ወልድያ ዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ገባ ብሎ፣ ከበሽሎና ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለ አገር ነው። በቡድናችን ውስጥም ከስማዳ፣ ከእስቴና ከጋይንት የመጡ እህቶች አሉ። እኛ ወንዶቹ ልጅ ሆነን ከብት ስንጠብቅ በሩር ስናሳድድ፣ ስንታገል፣ የጨርቅ ኳስ ስንለጋ ነው ያደግነው። በጥር ወር ሜዳው ሁሉ የእኛ ነበር። እህቶቻችን ያን ጊዜ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ፣ እናታቸውን ያግዛሉ። በተረፈቻቸው ሰዓት ቅልብልቦሽና ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ክልላችን ባለፈበት ጦርነትና ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ይቅርና የሒሳብ ክፍለ ጊዜም ያልነበረባቸው ወራት አልፈዋል።

ስለዚህ አንዲት የጋይንት ወይም የስማዳ ልጅ እውነተኛ የቅርጫት ኳስ በእጇ የምትይዘው ብዙ ጊዜ ኮሌጅ ከገባች በኋላ ነው። በአሥራ ስምንትና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ማለት ነው። ሌሎች በልጅነታቸው በጨዋታ የሚያገኙትን የኳስ ልምድ እሷ በአንድና በሁለት ሴሚስተር እንድታገኘው እንጠብቃለን። አዲስ የተማረ ክህሎት ደግሞ፣ በእንቅስቃሴ ትምህርት ኮርሳችን እንደተማርነው፣ መጀመሪያ የሚታወቀው በመዋዠቁ ነው። ጀማሪ አንዴ ያስደንቃል አንዴ ያሳፍራል፤ እየበሰለ ሲሄድ ነው ውጤቱ የሚረጋው። እንዲያውም ቅልብልቦሽ የተጫወተች ልጅ እጇ ፈጣን ነው፤ እንስራ አዝላ ዳገት የወጣች ልጅ እግሯ የጸና ነው። ጥሬ ዕቃው አለ። ያልተሰጠው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ነገር ኳሷ ራሷ ናት። የሴቶች ጨዋታ የሚደረገው በቁጥር 6 ኳስ ነው፤ ክብደቷ ከ530 ግራም አካባቢ ነው። የወንዶቹ ቁጥር 7 ኳስ ግን ከ600 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ዙሪያውም ይሰፋል። የቅርጫቱ ከፍታ ለሁለቱም 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነው። ልጆቻችን ሳምንቱን ሙሉ ከወንዶቹ በተረፈ ቁጥር 7 ኳስ ይለማመዱና የውድድሩ ቀን ቁጥር 6 ይሰጣቸዋል። ክንዳቸው ለከባዱ የተመጠነ ጉልበት ይዞ ቀላሉን ሲወረውር ኳሷ ብረቱን ዘላ ታልፋለች። እኛ ከዳር ሆነን «ምን ነካት?» እንላለን። ምንም አልነካትም፤ ሌላ ኳስ ነው የተሰጣት።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። ከአካባቢያችን የመጡት አብዛኞቹ ልጆች ጿሚዎች ናቸው። መጾም የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ እኔም እዚያ ውስጥ አልገባም። የሜዳው ፕሮግራም ግን የእኛ ጉዳይ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳትቀምስ የዋለች ልጅ አሥር ሰዓት ላይ አራት ኳርተር ሩጪ ስትባል ሦስተኛው ኳርተር ላይ ብትደክም ምን ይገርማል? ያንኑ ጨዋታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ብናደርገው በልታ፣ ጠጥታ፣ አርፋ ትገባለች። ከዚህ ጋር የደም ማነስ ነገር አለ። የወር አበባ የምታይ፣ በላብም በሩጫም የምትደክም ወጣት የብረት ማዕድን ፍላጎቷ ከወንዱ ይበልጣል። ምሳ እንዳበቃ የሚጠጣው ሻይና ቡና ደግሞ ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት ይቀንሳል። ጤፋችን ብረት አለው፤ ሻዩን ትንሽ ማዘግየት ብቻ ይጠቅማል። በሴሚስተር አንድ ጊዜ ደም መመርመር ለጋዜጣ የሚበቃ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም።

አራተኛው ሜዳው ነው። መብራት ያለበት ሰዓት የወንዶቹ ነው፤ ሴቶቹ የሚያገኙት ፀሐይ አናት የሚበሳበትን ወይም ዶርም ለመግባት የሚያስፈራውን ሰዓት ነው። አንድ ሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ሳምንት ምንም የሚለማመድ ቡድን ውጤቱም አንድ ሳምንት ሦስት፣ አንድ ሳምንት ምንም ቢሆን ልምምዱን መሰለ እንጂ ሌላ ምን ሆነ? «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ይሉ የለ አባቶቻችን!

«ስሜታቸው ነው» ለሚሉ

ይህ አባባል አዲስ አይደለም። ቅርጫት ኳስ እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ በጄምስ ናይስሚዝ ከተፈለሰፈ ከወራት በኋላ ሴንዳ በረንሰን የተባለች መምህርት በአሜሪካ ስሚዝ ኮሌጅ ለሴት ተማሪዎች አስጀመረችው። በጊዜው «ሴት ብዙ ከሮጠች ትታመማለች፣ ትረበሻለች» ይባል ስለነበር ሜዳው ለሦስት ተከፍሎ ተጫዋቾቹ ከየክልላቸው እንዳይወጡ ተደረገ። ሴቶች አምስት ለአምስት ሆነው ሙሉ ሜዳ መሮጥ በአሜሪካ ኮሌጆች ደንብ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ኦሎምፒክ የገቡት በ1976 ነው። ሰማንያ ዓመት ያህል «አይችሉም» ተብሎ በደንብ ታሠረ፤ ሲፈታ ግን ቻሉ። እኛም ዛሬ ወንዶቹ ሲሸነፉ «ታክቲክ ነው» ብለን ሴቶቹ ሲሸነፉ «ስሜት ነው» የምንለው የዚያው ደንብ ርዝራዥ ይመስለኛል። ባለፈው ሴሚስተር የወንዶቹ ቡድን ሁለት ጨዋታ ሲጥል ማንም ስለ ስሜታቸው አላነሳም፤ ማንም ሜዳቸውን ይቀሙ አላለም።

የእነሱስ ድርሻ?

ይህን ሁሉ ስል ልጆቹና አሰልጣኙ ከወቀሳ ነጻ ናቸው ማለቴ አይደለም። እንዲያ ብል መልሼ መናቅ ነው የሚሆነው። በዕድል የማይመካኝ ነገር አለ። ኳስ ይዞ ያለ ጫና ለተጋጣሚ ማቀበል ዕድል አይደለም። ከሪባውንድ በፊት ተጋጣሚን በጀርባ አለመዝጋት ዕድል አይደለም። ውርወራ ተስቶ ወደ ኋላ ሳይመለሱ ቆሞ አንገት መድፋት ዕድል አይደለም። የቅጣት ውርወራ ደግሞ ማንም ሳይነካሽ፣ ከዚያችው መስመር፣ ለብቻሽ የምትሠሪው ሥራ ነው፤ ኳስና ቅርጫት ባለበት በየቀኑ ሃምሳ መወርወር ይቻላል። ቡድናችን ሲሸነፍ ብዙ ጊዜ የማየው ውርወራ መሳቱን ብቻ ሳይሆን፣ ውርወራ ሳይሞከር የሚጠፋውን ኳስ ነው። ይህ በልምምድ የሚታረም ስለሆነ ይታረም።

አሰልጣኙም ቢሆን አምስቱን ጠንካሮች አርባ ደቂቃ አሰልፎ ተቀያሪዎቹን ወንበር ላይ ማድረቁ ቡድኑን አይጠቅምም። ዋናዋ ተጫዋች ፈተና ኖሮባት ወይም አሟት የቀረች ቀን ቡድኑ የሚፈርሰው ተቀያሪዋ ጨዋታ ስላልለመደች ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ድሩ ሁሉ ሲሸመን ነው፤ አምስት ክር ብቻ ይዞ አይደለም።

ምን ይደረግ?

ሐሳብ ሳላቀርብ ብሄድ እኔም ከሻይ ቤቱ ፈራጆች አልለይም። የማቀርባቸው አራት ነገሮች ገንዘብ የሚጠይቁት ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ተራ እየገባን በየጨዋታው አንድ ደብተር እንያዝ። የሚመዘገበው አራት ነገር ነው፦ ስንት ተሞክሮ ስንት ገባ፣ ስንት ኳስ ሳይሞከር ጠፋ፣ ከሳተ ውርወራ በኋላ ኳሷን ማን አገኛት፣ የቅጣት ውርወራ ስንት ተገኝቶ ስንት ገባ። ከጎኑ ሰዓቱ፣ የኳሷ ቁጥርና የዚያ ሳምንት የልምምድ ቀን ብዛት ይጻፍ። ከአስር ጨዋታ በኋላ ደብተሩን ገልጠን እንከራከር። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣ ልጅ ካለም እነሆ።

ሁለተኛ፣ ሴቶቹ በሳምንት ሁለት የማይነካ የልምምድ ሰዓት ይኑራቸው፤ አንዱ መብራት ባለበት። ዘንድሮ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይቀየር። ልምምዱን እያወዛወዝን ውጤቱ ይጽና ማለት አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ለሴቶቹ ልምምድ የራሳቸው ሁለት ወይም ሦስት ቁጥር 6 ኳስ ይገዛ፤ በጾም ወቅትም የጨዋታው ሰዓት ወደ ማታ ይገፋ።

አራተኛ፣ እኛ ደጋፊዎች ከሜዳ ዳር ስለ ጨዋታው የፈለግነውን እንበል። «መልሺ! ዝጊ! አቀብይ!» ብለን እንጩህ። ስለ ሰውነታቸው ግን ዝም እንበል። በእናታችንና በእህታችን ላይ የማንለውን ስም በማናውቃት እህት ላይ መጮህ ድጋፍ አይባልም።

አንዳንድ መምህራን «ቡድኑ መጀመሪያ ውጤት ያምጣ፤ ከዚያ ሰዓቱም ኳሱም ይመጣል» ሲሉ እሰማለሁ። በአክብሮት እቃወማለሁ። ማንም ገበሬ «መጀመሪያ ምርት ስጪኝ፤ ከዚያ አርስሻለሁ» ብሎ ከመሬቱ ጋር ሲከራከር አላየንም። እኛ የገበሬ ልጆች ይሄን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልገንም ነበር።

በመጨረሻ የማስታውሳችሁ፣ የዚህ ቡድን ጨዋታ የሚታየው በእኛ ዓይን ብቻ አለመሆኑን ነው። ልጆቹ ለዕረፍት ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ወደ ወገዳ ሲመለሱ ታናናሾቻቸው «ኮሌጅ ምን ትጫወቻላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዷ «ቅርጫት ኳስ እጫወታለሁ» ካለች ትንሿ እህቷ ሌላ ዓለም እንዳለ ትሰማለች። «እጫወት ነበር፤ ተውኩት፣ ይሰድቡናል፣ ሜዳም የለንም» ካለች ደግሞ ያንን ትሰማለች። ከሁለቱ የትኛው መልስ ከዚህ ግቢ ይውጣ የሚለውን ዘንድሮ የምንወስነው እኛ ነን፤ በሜዳ ድልድሉ፣ በኳሷ ቁጥርና በአፋችን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳ እንገናኝ። ደብተሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ እስክሪብቶ የሚይዝ አንድ ሰው ይምጣ።

ቸር ይግጠመን!